የደን ቃጠሎና ሰው የማይነዳው አይሮፕላን

ከደብረ ኤልያስ ከተማ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሣሩ ደርቆ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከሩቅ የሚታየውን ጢስ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ ያልፈዋል። ምናልባት እርሻ የሚመነጥር ገበሬ ይሆናል፤ ምናልባት ከሰል አክሳይ ይሆናል፤ ምናልባትም ማር ቆራጭ ጭራሮውን ሳያጠፋ ሄዶ ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ገደሉን ወርዶ ማየት ግድ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ተኪዶ እስኪታይ ድረስ እሳቱም የራሱን መንገድ ይሄዳል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ይህን ቃል ለጠብና ለበሽታ ሲጠቀስ ስለለመድነው፣ ቃሉ ራሱ የሚናገረው ስለ እሳት መሆኑን እንዘነጋለን። እሳት ገና ሳለ አንድ ሰው በለመለመ ቅርንጫፍ መትቶ ይገድለዋል፤ ካደገ በኋላ ግን የአንድ ወረዳ ሕዝብ አይበቃውም።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የታየው ይኸው ነው። ጓሳውና አስታው በገደል አፋፍ ላይ ሲነድ ሕዝቡ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ከእስራኤል መምጣት አስፈለጋቸው። ዋልያን የሚያህል በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ መኖሪያው ሲነድ እኛ ሰማይ ሰማይ እናይ ነበር። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን በተቃጠለ ጊዜም ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በሁለቱ ቃጠሎዎች መካከል 19 ዓመት አለ። ይህን ያህል ጊዜ ለአንድ ትምህርት የሚያንስ አይመስለኝም።

አሁን በውጭ አገር የእሳት መከላከያ ሆኖ የሚነገርለት ሰው የማይነዳው አይሮፕላን፣ በተለመደው ስሙ ድሮን ነው። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ አይዳሆ ክፍለ ሀገር ኬማክስ የተባለው ሄሊኮፕተር ነጂ ሳይቀመጥበት ውሃ ተሸክሞ ሲያፈስ ለሕዝብ ታይቷል። ወሬውን የሰማ ወጣት ሹም «እኛም እንዲህ ያለ እንግዛ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ ዋጋው ከባድ ነው፤ እንደ ጎጃም ባለ ከፍተኛ አገርም አየሩ ስለሚሳሳ የሚሸከመው ይቀንሳል። በዋጋ የሚቀርበን በእርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጨው ዓይነት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከትልልቆቹ አንዳንዱ የሚይዘው 40 ሊትር ያህል ነው፤ ይኸውም ሁለት ጀሪካን። ሁለት ጀሪካን ውሃ ደግሞ አንዲት አህያ ዱሮም ትጭነዋለች።

ስለዚህ የኛ ጉዳይ ውሃ አይደለም፤ ዓይን ነው። አስቀድሞ መንገዱ የተነገረው ትንሽ አይሮፕላን በራሱ ተነሥቶ፣ ቆላውን ዞሮ፣ ሙቀት በሚለይ ካሜራ ጢሱንም ጨለማውንም አልፎ እሳቱ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ሊመለስ ይችላል። «ሳተላይት አለ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ለእሳት ጥበቃ በብዙ አገር የሚሠራበት የሳተላይት ዓይን መሬትን የሚያየው 375 ሜትር በ375 ሜትር እየከፈለ ነው፤ ይህም 14 ሄክታር ያህል ነው። በጎጃም ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው፤ ብዙውም 10 ሄክታር አይሞላም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በዚህ አገር የቆሎ ተማሪ ቅኔውን የሚያሰላስለው በዚያ ጥላ ሥር ነው። እንዲህ ላለው ደን «በዚያ አካባቢ እሳት አለ» ማለት አይበቃም፤ በየትኛው አጥር በኩል እንደገባ መታወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን በተካሄዱት ጦርነቶች ሕዝባችን ድሮንን ያወቀው በቦምብ ጣይነቱ ነው፤ ጎጃምም ከዚህ ውጭ አይደለችም። ድምፁን ሰምቶ ልጁን ይዞ የሚሸሽን ገበሬ «ይህ ለደንህ ነው» ቢሉት እንዴት ያምናል? አይሮፕላንን በሚመለከት ይህ ሲደርስብን የመጀመሪያችን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት የመርዝ ጋዝ ሲረጭብን አይሮፕላን የሞት ስም ነበረ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ሲጀምር ግን ያው ክንፍ መንገደኛና ጭነት ያመላልስ ጀመር። ፍርሃቱን ያራቀው ሰብከት አልነበረም፤ ሰው በዓይኑ ያየው ሥራ ነው።

ሹማምንትም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተገቢም ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ቃጠሎ ጊዜ አንድ ያለፈቃድ የበረረ ድሮን ውሃ የሚያፈሰውን አይሮፕላን ክንፍ መትቶ ከሥራ አውጥቶታል። ነገር ግን ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት በጥቅምት ነው እንጂ ጢስ በታየበት ዕለት አይደለም። ሥዕሉም «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ተብሎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚዞር ከሆነ አይሮፕላኑ ባይበር ይሻላል። እሳት የደብዳቤ ቁጥር አይጠብቅም። ወሬው በቀጥታ መድረስ ያለበት ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛና ደወል ለሚደውለው ሰው ነው፤ ቅጠሉን ይዘው የሚወጡት የነሱ ሰዎች ናቸውና።

አይሮፕላኑም መጀመሪያ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ወርዶ ይታይ፤ ሽማግሌው ይንካው፣ ልጆቹም ይክበቡት። የሚበርበት ቀንና ሰዓት፣ የሚያበረውም ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር። ከተነገረው ሰዓት ውጭ ድምፅ የሰማ ገበሬ «ይህ የኛ አይደለም» ለማለት ይችል ዘንድ።