በሰው ወርቅ የደመቀ ቃል

«ሄለኒስቲክ» ሲባል ደሜ ይፈላል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ባቢሎን ላይ ሞተ። የግብጽ ንግሥት ክሊዮፓትራ በ30 እስክንድርያ ላይ ሞተች። በሁለቱ ሬሳ መካከል ከግብጽ እስከ ባክትሪያ የተሠራው፣ የተጻፈው፣ የታሰበው ሁሉ በአንድ ቃል ለግሪክ ተመዘገበላት። ማን ፈረመላት? ቃሉን የዘመን ስም ያደረገው ድሮይዘን የሚባል የ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው። እሱ እንኳ ሊያሳይ የፈለገው የግሪክንና የምሥራቅን መቀላቀል ነበር። ተከታዮቹ ቅልቅሉን ደፍተው ግሪኩን ብቻ አስቀሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዚሁ ቃል ዘር «ሄሌኒስታይ» የተባሉትስ ግሪኮች ናቸው? አይሁድ ናቸው! ግሪክኛ የሚናገሩ አይሁድ።

ግብጻዊው ካህን ማኔቶን በግሪክኛ ስለጻፈ «ሄለኒስቲክ ደራሲ» ሆነ። ባቢሎናዊው ቤሮሶስም እንደዚያው። ይሁን። ታዲያ የግሪክ ነገሥታት የፈርዖን ዘውድ ደፍተው በግብጽ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሲቀረጹ፣ የዴሎስ ደሴት ግሪኮች ለግብጻዊቷ አምላክ ለኢሲስ ቤት ሲሠሩላት «ግብጻዊ ሆኑ» ያለ ማነው? ማንም! ያም «ሄለኒስቲክ» ነው። ግሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርኮስ የጨረቃን ጉዞ ያሰላው ባቢሎናውያን መዝግበው ባቆዩት ግርዶሽ ተመርኩዞ ነው። ምን ተባለ? የሄለኒስቲክ ሳይንስ። ሲሰጡም ግሪክ፣ ሲቀበሉም ግሪክ! ይህ ታሪክ ነው ወይስ ዓይን ያወጣ ቅሚያ?

የእኛዎቹ ምሁራን ደግሞ ይብሳሉ። የአክሱም ወርቅ ገንዘብ ላይ የግሪክ ፊደል ሲያዩ «የሄለኒዝም ተጽዕኖ» ብለው እጅ ይነሣሉ። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ላይ በግሪክኛ ያስጻፈው ለማን ነው? ለባሕር ማዶ አንባቢ። በዚያው ድንጋይ ላይ በግእዝና በሳባ ፊደልም አስቀርጿል፤ ይህን ግን አፋቸውን ሞልተው አይናገሩትም። በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ የሰቀለ የመርካቶ ነጋዴ እንግሊዛዊ ሆነ ማለት ነው?

ይህን ቅሚያ እናንተም ጠርጥራችኋል። «አላነበቡም» እንዳትባሉ ነው ዝም ያላችሁት።

እስቲ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊውን ፕሉታርክን ጠይቁ፤ እሱ ራሱ ግሪክ ነው። ከክሊዮፓትራ በፊት የነበሩት የዘሯ የግሪክ ነገሥታት የግብጽን ቋንቋ ለመማር እንኳ አልተጨነቁም ይላል። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የገዙትን ሕዝብ በቋንቋው «እንደምን አደርክ» ሳይሉት! የእነሱ ባህል አገሩን እንዲያ ካጥለቀለቀው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 የወጣው የሮዜታ ድንጋይ አዋጅ ለምን በግሪክኛ ብቻ አልተቀረጸም? ለምን ግሪክኛው ከታች፣ የግብጽ ጽሕፈት ሁለት ጊዜ ከላይ?