ስለ ወይዘሮ ቢርሊንግ ፍርድና ስለ እኛ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በሰው ላይ እጁን ያላነሣ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለህ የምታስብ እንደ ሆነ፥ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ታግሠህ አንብብ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ የጻፈው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 በሞስኮ፥ በ1946 በለንደን የታየ አንድ ተውኔት አለ። የእኛው መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ» በሚል ስም ወደ አማርኛ መልሰውታል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1912 ብራምሊ በምትባል የልብ ወለድ ከተማ ነው። ባለፋብሪካው አርተር ቢርሊንግ የልጁን የሺላን መታጨት ምክንያት አድርጎ ከቤተ ሰቡ ጋር ገበታ ላይ ሳለ፥ አንድ መርማሪ ይገባና ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት ሴት መርዝ ጠጥታ መሞቷን ይነግራቸዋል። ከዚያም አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው፥ ሁሉም ልጅቱን ወደ መቃብር የገፉ ሆነው ይገኛሉ። አባትየው በሳምንት 22 ሺሊንግ ተኩል የነበረው ደመወዝ 25 ይሁንልን ብላ ከጓደኞቿ ጋር ሥራ ስላቆመች አባረራት። ሺላ በቅናትና በቁጣ ከሱቅ ሥራዋ አስወጣቻት። እጮኛው ጄራልድ ለጥቂት ወራት ይዟት ኖረና ተዋት። ወንድ ልጁ ኤሪክ ሰክሮ አስገደዳት፥ አስረገዛትም። በመጨረሻ ልጅቱ የከተማው እመቤቶች ወዳቋቋሙት የበጎ አድራጎት ማኅበር ሄዳ እርዳታ ለመነች። በዚያ በወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የኤሪክ እናት ወይዘሮ ሲቢል ቢርሊንግ ነበረች። እርሷም እምቢ አለች፤ ሌሎቹም እምቢ እንዲሉ አደረገች።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ማን ነው? ብዬ ወጣቶችን በጠየቅሁ ቁጥር፥ አብዛኞቹ ኤሪክ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹም አባቱን ይጠራሉ። እናቲቱን የሚጠራ እምብዛም አይገኝም። «እርሷ ምን አደረገች? አልሰረቀች፥ አልደበደበች፤ የማኅበሩ ገንዘብ ለማይገባው እንዳይሰጥ ጠበቀች እንጂ» ይላሉ። እኔ ግን ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። የኤሪክ በደል ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ኤሪክ በስካር፥ ሺላ በቁጣ፥ አባትየው በትርፍ ፍቅር ታውረው ነበር። ወይዘሮዋ የበደለችው አእምሮዋ ሳይናወጥ፥ ለምሕረት በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ባለፋብሪካው ለድኻ አዝናለሁ ብሎ በበሩ ላይ አልጻፈም፤ እርሷ ግን ይህን ስም ተሸክማ በስሙ ትከበርበት ነበር። የሰማርያውን ሰው ምሳሌ አስታውስ። መንገደኛውን የደበደቡት ወንበዴዎች ናቸው፤ ሆኖም ምሳሌው ከወንበዴዎቹ ይልቅ የሚያሳፍረን ቁስለኛውን አይተው ባለፉት በካህኑና በሌዋዊው አይደለምን?

«ልጅቱ እኮ ዋሽታለች» የሚል ይነሣል። እውነት ነው፤ በመጀመሪያ ስሜ ወይዘሮ ቢርሊንግ ነው ብላ ነበር፥ ባል አለኝም ብላለች። ግን ድኻ ለምን ይዋሻል? በእውነቱ ብቻ የሚከፈት በር ስለሌለ ነው። ኋላም እውነቱን ስትናገር፥ ይኸውም የልጁ አባት የሰጣት ገንዘብ የተሰረቀ መሆኑን ዐውቃ አልቀበልም ማለቷን ስትገልጥ፥ ወይዘሮዋ አላመነቻትም። እንደዚህ ያለች ሴት ገንዘብ እንዴት እምቢ ትላለች? የሚል ነበር ነገሯ። ተመልከት፤ የድኻይቱ ትልቁ ጽድቅ እንደ ትልቁ ውሸቷ ተቆጠረባት። የባለጸጋ ክፉ በሽታ ይህ ነው፤ ድኻ እንጀራ እንጂ ክብር የለውም ብሎ ማመን።

አበው «ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፥ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» ይላሉ። ወይዘሮዋ ጥፋቱ የልጁ አባት ነው፥ እርሱ በአደባባይ ይቀጣ ብላ አጥብቃ ፈረደች። ጉድጓዱ ተምሶ ካለቀ በኋላ ገብቶበት የተገኘው የገዛ ልጇ ነው። እንዲያም ሆኖ፥ መርማሪው እውነተኛ ፖሊስ አልነበረም ሲባል ሺላና ኤሪክ ሲያዝኑ፥ እርሷ እፎይ ብላ ወደ ወትሮ ጠባይዋ ተመለሰች። መርማሪው ሐሰተኛ ቢሆን የሠሩት ሥራ ሐሰት ይሆናልን? ለዚህ ነው ደራሲው በመጨረሻ ስልክ አስደውሎ፥ አንዲት ልጅ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ እንደ ሞተችና ሌላ መርማሪ እንደሚመጣ ያሰማቸው።

ይህ የእንግሊዝ ነገር ነው፥ ለቆላ ድባ ምን ያደርግላታል? አትበለኝ። ከደምቢያ ገጠር ወጥታ ጎንደር ከተማ ሰው ቤት ለመቀጠር የምትሄደውን ልጅ ሁላችን እናውቃታለን። ጨዋ በሚባል ቤት ስታገለግል ካረገዘች፥ ጓዟ በፌስታል ተደርጎ ደጅ ይቀመጥላታል። ያስረገዘው የቤቱ ልጅ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። እመቤቲቱም በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፥ ለነዳያንም ትመጸውታለች።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። አንድ ክረምት ለችግረኛ እህል የሚያድል ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። የትውልድ ቀበሌዋን ስንጠይቃት መጀመሪያ አንድ፥ ኋላ ሌላ ተናገረች። የልጁንም አባት ስም አልናገርም አለች። እኛም ውሸታም ናት ብለን፥ «አይገባትም» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ምንም ሳትመልስ በዝናቡ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ካልታደለው እህል ከፊሉን ነቀዝ በላው። ለነቀዙ ቀበሌውን የጠየቀው አልነበረም።

«እንግዲያስ ሳይመረመር ለመጣው ሁሉ ይሰጥ ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም፤ አታላይ አለ፥ መዝገብም ያስፈልጋል። ነገር ግን የሚመረመረው ረኀቧ ነው እንጂ ጠባይዋ አይደለም። አታላይ ቢወስድብህ የምታጣው አንድ ቁና እህል ነው። እውነተኛዋን ብትመልስ የምታጣው ነፍስ ነው። ደግሞስ እናቲቱ ብትዋሽ፥ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ምን ዋሸ?

ወጣት ሆይ፤ ነገ በእድሩ፥ በማኅበሩ፥ በቀበሌው የአንተ ድርሻ ይመጣል፤ ቁልፉን ወይም ማኅተሙን ትይዛለህ። በዚያን ቀን አንዲት ሴት በፊትህ ስትቆም፥ ምናልባት ከአንተ በፊት ብዙ በሮች ተዘግተውባት እንደ መጣች አስብ። የአንተ የመጨረሻው በር ሊሆን ይችላልና፥ «አይገባትም» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ብዕርህን አስቀምጥና በመጀመሪያ የምትበላው ስጣት።