የውርጭ ቀን ዋጋ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቧንቧ ጥገና ነው። "ሰውየው ቡናውን ትቶ ቧንቧ ገባ እንዴ?" የምትሉ አትጠፉም። ግን ከእኛ ሥራ የራቀ ጉዳይ አይደለም። በችግር ቀን የሚጠየቅ ዋጋ ከየት ይመጣል? የትኛው ተገቢ ነው፣ የትኛውስ ዘረፋ ነው? ይሄ የላኪውም፣ የዩኒየኑም፣ የነጋዴውም፣ የእኔ የደላላውም ጥያቄ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዳላስ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2021 ቴክሳስን ያ ከባድ ቅዝቃዜ የመታት ሰሞን ደወለልኝ። በስልኩ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። በኮርኒሱ ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑ ላይ እየዘነበ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ስድስት ሰባት ቦታ ደውሏል፤ ግማሹ ስልክ አያነሳም፣ ግማሹ "ከሳምንት በኋላ" ይለዋል። በመጨረሻ አንዱ እሺ አለ። ግን ገና ለመምጣት ብቻ የጠየቀው ገንዘብ በደህናው ቀን ሥራውን አስጨርሶ የሚሸኝ ነው። "ሌቦች ናቸው፤ የሰው መከራ ነው የሚሸጡት" አለኝ። እኔም "ልክ ነህ፣ ሌቦች ናቸው" ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

ዛሬ ሳስበው ያ መልሴ ግማሹ ብቻ ነው ልክ የነበረው።

መጀመሪያ የሆነውን እንየው። ፌብሯሪ 16 ቀን ዳላስ አካባቢ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ። እዚያ ከተማ ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ ብርድ አልታየም ነበር። በስቴቱ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያ ይቆማል፤ ማሞቂያ ሲቆም በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሠራል። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ የስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰው መሞቱን መዝግቧል።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቧንቧውን የሚሰነጥቀው በረዶው ራሱ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያፈነዳው በበረዶውና በተዘጋው ሩቢኔት መካከል የታፈነው ውሃ ግፊት ነው። ሩቢኔቱ ትንሽ ተከፍቶ ጠብ ጠብ ቢል ግፊቱ መውጫ ያገኛል። ይሄን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ያን ቀን የተጠየቀውን ሂሳብ እንደ ጭነት ወጪ ዘርዝረን ብናየው ሦስት ነገር እናገኝበታለን።

አንደኛው እውነተኛ ወጪ ነው። ሌሊት ተነስቶ በበረዶ በተሸፈነ መንገድ የሚነዳ ሰው አለ። የትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ረዳት አለ። ከቅርብ ሱቅ ያለቀ መገጣጠሚያ ከሩቅ ፈልጎ ማምጣት አለ። ይሄ ሊከፈል ይገባዋል። እኛም በክረምት ጭቃ መኪና ገጠር ስናስገባ ለሹፌሩ እንጨምራለን፤ ሹፌሩን ሌባ የሚለው የለም።

ሁለተኛው የእጥረት ዋጋ ነው። አንድ ሠራተኛ ላይ የፈነዳበት ሰፈር ሙሉ ሰው ሲጮህ ዋጋ ይወጣል፤ በቃ። ይሄንን የቴክሳስ አስተዳደርም ስለገባው በዚያው ሰሞን ብዙ እጅ ወደ ሥራው እንዲገባ የቧንቧ ሠራተኞችን የፈቃድ ደንብ ለጊዜው አላላ። ትክክል ነው። ተሳድበህ ዋጋ አታወርድም፤ አቅርቦት ሲመጣ ይወርዳል።

ሦስተኛው የድንጋጤ ዋጋ ነው። ኮርኒሱ እየወረደበት ያለ ሰው ሁለተኛ ቦታ ደውሎ ዋጋ አያወዳድርም። "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሻጩ ይሄን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይጨምራል። ወጪም እጥረትም ያላመጣው ጭማሪ ይሄ ነው፣ ሌብነት የምለውም ይሄንን ነው። የቴክሳስ ሕግም አደጋ በታወጀበት አካባቢ ነዳጅ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ማደሪያ፣ የግንባታ ዕቃና ሌላም የግድ የሚያስፈልግ ነገር ከመጠን ባለፈ ዋጋ መሸጥን ይከለክላል። ችግሩ ሕጉ የሚደርሰው ሰውየው ከከፈለ በኋላ መሆኑ ነው።

ታዲያ ብርድ ያለበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው? አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሚኒሶታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የተለመደ የክረምት ነገር ነው። ከተማው ግን በየዓመቱ አይፈነዳም፤ ቤቱ ሲሠራ ብርዱ ታስቦ ነዋ። የውሃ መስመሩ መሬት ውስጥ ጠልቆ ይቀበራል፣ ቧንቧው ከውጭው ግድግዳ እንዲርቅ ይደረጋል። ደቡብ ላይ ግን ቧንቧው ባልተሸፈነ ኮርኒስና በውጭ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ቧንቧ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው አደጋ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ያስከፈለው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ የሂሳቡ ግማሽ የተጻፈው ቤቱ ሲሠራ ነው።

ሌላው ግማሽ ደግሞ የራሱ ነው። ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ ዋናው ሳራቺኔስካ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። መንገድ ዳር፣ መሬት ውስጥ ባለው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ክዳኑ ላይ በረዶ ተጋግሮበታል፤ መክፈቻውም የለውም። ጎረቤት እስኪደርስለት ድረስ ውሃው ወረደ። ያቺን የቧንቧ ስንጥቅ መጠገን ትንሹ ወጪ ነው። የኮርኒሱ፣ የወለሉ፣ የሶፋው ወጪ ነው ያጎበጠው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ይሄን ብትልኩላቸው ጥሩ ነው። ዋናውን ሳራቺኔስካ ዛሬውኑ ፈልጉና አንድ ጊዜ ዘግታችሁ ሞክሩት። ከፍተኛ ብርድ ሲነገር በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን ሩቢኔት ጠብ ጠብ እንዲል አድርጉ፤ ሙቀት እንዲገባ የማጠቢያውን ስር ቁምሳጥን ክፈቱ። ለጉዞ ስትወጡ ማሞቂያውን ጭራሽ አታጥፉ፤ 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተዉት። ቤቱን ሳያሞቁ ትተውት የሄዱ ሰዎች ኢንሹራንስ ካሳ ሊከለክላቸው ይችላል። ቧንቧው በረዶ ከያዘ በእሳት አታቅልጡት፤ ቤት የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ከፈነዳ ደግሞ መጀመሪያ ውሃውን ዝጉ፣ ቀጥሎ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ደውሉ። ስትደውሉ የመምጫው ስንት፣ የሰዓቱ ስንት፣ የዕቃው ስንት ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። ውሃውን የዘጋ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ አለው፤ ያልዘጋ ሰው የተባለውን ይከፍላል።

በዚያው ሳምንት የሆነ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው በቀጥታ የእኛ ቋንቋ ነው። በቴክሳስ የጅምላ የመብራት ዋጋ በደህናው ጊዜ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት በአሥር ቤት የሚቆጠር ዶላር ነው። በዚያ ብርድ ወደ ጣሪያው፣ 9,000 ዶላር ድረስ ወጣና ለቀናት እዚያው ቆየ። ውላቸው በቋሚ ዋጋ የሆነ ቤቶች ያን ጊዜ ቀጥታ አልተመቱም። "የዕለቱ ገበያ ይርከሰኝ" ብለው በጅምላ ዋጋ የተዋዋሉት ግን በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሂሳብ መጣባቸው። እነዚህ ሰዎች በደህናው ወር ትንሽ እያተረፉ ነበር። ያተረፉትን ሁሉ በአንድ ሳምንት መለሱ፤ ከዚያም አልፎ ተበደሩ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ስለ ሌላው ሳወራ ለራሴ እንዳልደብቅ አንድ ነገር ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጭ ቦሎቄ ላኪ ኮንቴይነሩን ለመሙላት 50 ኩንታል ጎደለበት። ጅቡቲ ላይ የመርከቡ ቀን ደርሷል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ዕቃው የት እንዳለ አውቅ ነበር። የመኪናው ኪራይ ይታወቃል፤ ባለ ዕቃው በሌሊት መጋዘን ለመክፈት የጠየቀው ጭማሪም ይታወቃል። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ግን ድምፁ ውስጥ ድንጋጤውን ሰማሁና ከሁለቱም በላይ የራሴን ጨመርኩበት። አልተከራከረም፤ ከፈለ፣ መርከቡም ደረሰለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ደውሎልኝ አያውቅም። የአክስቴ ልጅ የሰደበው የቧንቧ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ገበሬው ጋ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል እንጂ ያው ነው። ልጅ ታመመ፣ የማዳበሪያ ክፍያ ደረሰ፣ ለቅሶ መጣ። ቡናው ገና ዛፍ ላይ እያለ ይሸጣል። ገዢው የጥራት፣ የዝናብ፣ የጊዜ ስጋት ስለሚሸከም ዋጋው ትንሽ ዝቅ ቢል ያስኬዳል። ከዚያ በታች የሚወርደው ግን የድንጋጤ ዋጋ ነው፤ ገዢው የሰውየውን ዓይን አይቶ የሚቀንሰው።

ውርጭ እኛንም በሩቁ እንደሚነካን ደግሞ በዚያው በ2021 አይተናል። ጁላይ 20 የብራዚልን የቡና ማሳ ውርጭ መታው። በሳምንት ውስጥ የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ ለፓውንድ ከ2 ዶላር አለፈ፤ ከ2014 ወዲህ ያልታየ ነበር። በኮሎምቢያ ቀደም ብለው በዝቅተኛ ዋጋ ለማስረከብ የተዋዋሉ ብዙ ገበሬዎች ሳያስረክቡ ቀሩና ላኪዎቹ ኪሳራ ላይ ወደቁ። ስለዚህ "ዋጋ ቁረጥና ተኛ" ማለቴ አይደለም። በእጅህ ዕቃ ሳይኖር ወይም አቅራቢህ የሚጸናበት ምክንያት ሳይኖረው የተቆረጠ ዋጋ ሳራቺኔስካ እንደሌለው ቧንቧ ነው። ደህና ቀን ይሠራል፤ ሲፈነዳ የሚዘጋው የለም።

እንግዲህ ምን ይሁን? እኔ የማስበው እንዲህ ነው።

ላኪዎች፣ ጉድለት ሲመጣ የምትደውሉለትን ሁለተኛና ሦስተኛ አቅራቢ አሁን፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ አነጋግሩ። "በአስቸኳይ ብፈልግ በምን ጭማሪ ታቀርባለህ?" ብላችሁ ተስማሙና በጽሑፍ ያዙት። በጥድፊያ ቀን የሚደረግ ድርድር ድርድር አይደለም።

ዩኒየኖች፣ አባላችሁ ለሕክምናና ለለቅሶ የሚበደርበት ትንሽ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ካላችሁ አጠንክሩት፤ ከሌላችሁ ከዘንድሮው ትርፍ ጀምሩት። ብዙ ብር አያስፈልገውም። አንድ ገበሬ ቡናውን ዛፍ ላይ ሳይሸጥ ሁለት ወር እንዲቆይ ካደረገው ያ ብር ሥራውን ሠርቷል።

ደላሎች፣ ወንድሞቼ፣ የአስቸኳይ ዋጋችንን ችግር ከመምጣቱ በፊት እንናገር። "ስንት ልጨምርበት?" የሚለውን ጥያቄ የሰውየውን ድምፅ ከሰማን በኋላ አንወስን። የኔን እዚሁ ልጻፈው፦ በአስቸኳይ ለሚመጣ ሥራ ኮሚሽኔ ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ አይበልጥም። የመኪናና የመጋዘን ጭማሪ በደረሰኝ ብቻ ይታሰባል። ከዚህ በላይ ከጠየቅኳችሁ ይሄን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩልኝ።

አንዳንዶቻችሁ "ገበያ ገበያ ነው፣ የከፈለ ይክፈል" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ያ የቦሎቄ ላኪ ዛሬ በየሳምንቱ ኮንቴይነር ይጭናል፤ በሌላ ሰው በኩል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የቆጣሪው ሳጥን ክዳን ተከፍቷል፣ ሳራቺኔስካው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮበታል፣ መክፈቻው ደግሞ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ኮርኒስ ውስጥ ያለውን ቧንቧ በስፖንጅ ማልበሻ ራሱ አልብሶታል። "ስንት አወጣህ?" አልኩት። ያን ቀን ሠራተኛው ለመምጣት ብቻ ከጠየቀው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ። ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ከዩኒየን በኩል ተዘዋዋሪ ገንዘብ ሞክራችሁ ያያችሁ ብትነግሩን ሁላችንም እንማርበታለን።