ዋጋ ያልተከፈለበት ምኞት

የተረት ፊልም ወዳጅ ነኝ። ዕድሜህ ለዚህ አይሆንም የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እነሱ ቅዳሜና እሁድ እዚህ መርሳ ውስጥ ኳስ የሚታይበት ቤት ገብተው ለአርሴናልና ለማንቸስተር ሲጯጯኹ እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጬ ስለ ንግሥትና ስለ ጠንቋይ ፊልም ባይ አላፍርም። ልጅ ሆኜ ወልድያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የአንበሳውን ንጉሥ ታሪክ አይቼ፣ የጅቦቹ ሳቅ እንቅልፍ ከነሳኝ ጀምሮ ከዲዝኒ ቤት የወጣ የተረት ፊልም አያመልጠኝም። ስለዚህ «ዊሽ» በተባለው ፊልም ላይ የምሰነዝረውን ወቀሳ የወዳጅ ወቀሳ ብላችሁ ውሰዱልኝ።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ዲዝኒ በ1923 የተመሠረተ ድርጅት በመሆኑ የመቶኛ ዓመቱ መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራ ነው። ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ በዓለም ዙሪያ ሲኒማ ቤቶች ግን ያስገባው ወደ 255 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከዚያ ላይ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲነሳ ድግሱ ለደጋሹም አልበጀውም። እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ ብዙው ፊልም በፍላሽ ተጭኖ ነው።

ታሪኩ ሮሳስ በምትባል ደሴት ላይ ይጀምራል። ንጉሡ ማግኒፊኮ አስማተኛ ነው። ከአገሩ ሰው ማንም 18 ዓመት ሲሞላው የልቡን ምኞት አውጥቶ ለንጉሡ ያስረክባል፤ ካስረከበ በኋላም ምን ተመኝቶ እንደነበር ይረሳዋል። ንጉሡ ምኞቶቹን ግንብ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ በየጊዜው አንዱን መርጦ ይፈጽማል፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። አሻ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ 100 ዓመት የሞላው አያቷ ምኞት እንዳልተፈጸመና እንደማይፈጸም ስታውቅ ልቧ ይሰበራል። ወደ ኮከብ ታንጋጥጣለች፤ ኮከቡም ወርዶ ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ሥዕሉ በውኃ ቀለም የተነከረ ይመስላል፤ የድሮዎቹን በእጅ የተሣሉ ፊልሞች ያስታውሳል። አሻ ሹሩባ ተሠርታለች፤ እናቷ ደግሞ ሳኪና ትባላለች። ሰኪና የምትባል እናት በማትጠፋበት ሰፈር ላደገች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ስሙን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ንጉሡ የሚያነሳውን ነገር ነው። ማግኒፊኮ በልጅነቱ አገሩን ወንበዴ አጥፍቶበታል። ስለዚህ ምኞት ሁሉ ደግ አይደለም ይላል፤ የአንዱ ምኞት የሌላውን ቤት ሊያፈርስ ይችላል ይላል። የአያትየው ምኞት ለመጪው ትውልድ መነቃቂያ የሚሆን ነገር መፍጠር ነው። ንጉሡ ይህን ሰምቶ፣ ትውልዱ ተነቃቅቶ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ይሰጋል። ይህ የገዢ ሁሉ ስጋት ነው። ጠባቂ ነኝ ባይ ሰው በጥበቃው ስም የሰውን ተስፋ ቆልፎ መያዝ ይችላል ወይ? ለልጅም ለአዋቂም የሚሆን ጥያቄ ነው፤ መቶ ዓመት የተረከ ቤት ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄም ነበር።

ችግሩ፣ ፊልሙ ጥያቄውን አንስቶ ፈራው። መልስ ከመፈለግ ይልቅ ንጉሡን የተከለከለ የጥንቆላ መጽሐፍ አስገለጠው። መጽሐፉን ከገለጠ በኋላ ማግኒፊኮ የሚከራከሩት ሰው መሆኑ ቀረ፤ በአስማት የሰከረ ክፉ ሆነ። ክፉ ከሆነ ደግሞ ማሸነፍ ብቻ ይበቃል፤ ያነሳው ሐሳብ ትክክል ይሁን ስህተት ማንም አይጠይቀውም። በመጨረሻ መስታወት ውስጥ ይታሰራል፤ ሚስቱ ትነግሣለች፤ የተሰበረው ምኞት ሁሉ ይጠገናል፤ ሕዝቡ ይዘፍናል። የእህቴ ልጅ ፊልሙ ሲያልቅ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። በነገር ሁሉ «ለምን» የምትል ልጅ ናት።

የሚያስቆጨው፣ ሠሪዎቹ የተሻለ መንገድ በእጃቸው ነበር። ስለ ፊልሙ አሠራር በታተመው የሥዕል መጽሐፍ ላይ እንደሚታየው፣ በመጀመሪያው ውጥን ንጉሡና ንግሥቲቱ ተባባሪ ክፉዎች ነበሩ፤ ኮከቡም ሰው መስሎ መታየት የሚችል ነበር። የሚመካከሩ ክፉ ባልና ሚስት አንድ ጥንቆላ ካሰከረው ብቸኛ ሰው ይልቅ ያስፈራሉ፤ ክፋታቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ይመጣልና። ያ ተትቶ ቦታው በልደት ማስታወሻ ተሞላ። የአሻ ሰባት ጓደኞች በ1937 የወጣውን የበረዶ ነጭ ፊልም ሰባት ድንክዬዎች እንዲያስታውሱ የተሠሩ ናቸው። በየጥጉ የአንድ የድሮ ፊልም ምልክት ተሰክቷል። የቤቱን ታሪክ ለምናውቅ መለየቱ ያስደስታል፤ ታሪኩን ግን አንድ እርምጃ አያራምደውም።

የቤቱ የቀድሞ ሥራ እንዲህ አልነበረም። በ1940 በወጣው «ፒኖኪዮ» ውስጥም በኮከብ ላይ ምኞት ነበር። ግን እዚያው ፊልም ውስጥ ቀልደኛና ዋልጌ ልጆች ወደ አህያነት ይለወጣሉ፤ ተመልሰው ሰው ሲሆኑ አናይም። በ1989 በወጣው ፊልም የባሕሯ ልጅ እግር ለማግኘት ድምፅዋን ትሸጣለች። ዴንማርካዊው ደራሲ አንደርሰን በ1837 ያሳተመው ዋናው ተረት ከዚህም ይከፋል፤ ልጅቱ በመጨረሻ የባሕር አረፋ ትሆናለች። ዲዝኒ መጨረሻውን አለሳለሰው እንጂ ዋጋውን አልሰረዘውም። «ዊሽ» የሰረዘው ይህንን ነው። አሻ ኮከቡን ስትለምን ምን ሰጠች? ምንም።

ይህን የምለው የእኛም ተረት በዚሁ ሕግ ስለሚሄድ ነው። የእንጀራ ልጇ አልወድሽም ያላትን ሴት አስቧት። ወደ መድኃኒት አዋቂ ሄዳ ልጁ የሚወዳት መድኃኒት ስጠኝ ትለዋለች። እሱም የአንበሳ ጢም አምጪ ይላታል። ሴትዮዋ በየቀኑ ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ከሩቅ ትወረውርለታለች፤ ቀስ በቀስ ትቀርባለች፤ በመጨረሻ ከእጇ ሲበላ ጢሙን ትነቅላለች። አዋቂው ግን ጢሙ አያስፈልግሽም፤ አንበሳውን በቀረብሽበት ትዕግሥት ልጁንም ቅረቢው ይላታል። ምኞቷ የተፈጸመው መንገድ ላይ እያለች ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት፣ አንበሳው አንድ ቀን ሳይርበው ቢቀር ምን ትሆን ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

ደግሞ አራዊቱ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበት ተረት አለ። አንበሳው ከብት መብላቱን ሲናገር ይህማ ኃጢአት አይደለም ይሉታል፤ ነብሩም ጅቡም እንዲሁ። አህያዋ ትንሽ ሣር ቀነጨብኩ ስትል ግን ተነሥተው ይበሏታል። ፍርድ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚጣመም አንድ ልጅ ከዚህ ተረት የሚማረውን ያህል ከማግኒፊኮ አይማርም፤ አንበሳውን ክፉ ያደረገ አስማት የለምና።

«ለልጅ የተሠራ ነው፣ አታክብደው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልጅን ማስፈራራት አይገባም ይላሉ። እኔ ግን የእኛን ወረዳ፣ የሀብሩን ልጅ አውቀዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ሲደርስ ፍርሃት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው አውቋል። ምኞት ዋጋ እንዳለውም ያውቃል። የአጎቱ ልጅ ወይም ጎረቤቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ አይቷል፤ ብር የላከውንም ድምፁ የጠፋውንም ያውቃል። ለዚህ ልጅ ወደ ሰማይ አንጋጠህ ከዘፈንክ ይበቃል የሚል ፊልም ማሳየት ጥበቃ አይሆንም። የምታውቀውን ነገር እንዳላወቅህ ቁጠር ማለት ነው።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ መጨረሻው ላይ ፊልሙ ወደ አንድ ትልቅ ነገር ተጠግቶ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲመኝ የንጉሡ ኃይል ይከዳዋል። ወሎዬ ይህን ሲያይ ወዳጃ የሚባለው የዱዓ ጉባኤ ትዝ ይለዋል። ቡናው ፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን በጉባኤው ፊት ያወጣል፤ አባቶች ዱዓ ያደርጋሉ፤ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። እዚያ ምኞት ግንብ ላይ አይቆለፍም፤ ባለቤቱም አይረሳውም። ግን አሚን ያለ ሰው የሰማውን ችግር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገ የዚያን ሰው ደጅ ሳያንኳኳ አያልፍም። የሮሳስ ሕዝብ እስከ ዘፈኑ ድረስ መጣ፤ ከዘፈኑ በኋላ ያለውን ኃላፊነት ግን ፊልሙ አላሳየንም።

አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ሲያወሩ ወንበርና ድምፃቸው ይበቃቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ሥዕሉን ማንቀሳቀስ የሚችሉ ልጆች አገር ውስጥ አሉ፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠራው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ»ን በአኒሜሽን አውጥቶ አይተናል። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን የአህያዋን ኑዛዜ ወይም የአንበሳውን ጢም ሊሠሩ ቢነሡ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ ሰጪው መጥቶ፣ ልጆች እንዳያዝኑ አህያዋ ትትረፍ ሲላቸው እሺ አይበሉ። አህያዋ ከተረፈች ተረቱ አለቀ፤ ልጁም የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም።