የወረቀት ዕድገትና የሠራተኛው ጥሪት

የአንድ ድርጅት ዕድገት የሚለካው በሚነዛለት ዝና ወይም በአክሲዮኑ የዕለት ዋጋ ሳይሆን ሠርቶ በሚያስገኘው እውነተኛ ገቢ ነው። ይህ ሐቅ በተዘነጋበት ሁሉ ዕዳው በመጨረሻ የሚወድቀው መዝገቡን የመመርመር ዕድል ባልነበረው ሠራተኛና አነስተኛ ቆጣቢ ላይ ነው። አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደንበኞችን ለማፍራት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዲስኮችን በነፃ ያድል ነበር። ለዚህ ተግባር የዋለው ገንዘብ ወጥቶ ያለቀ ቢሆንም፣ ኩባንያው ግን ወደፊት ጥቅም እንደሚሰጥ ሀብት መዝግቦ ወጪውን በመጪዎቹ ወራት ላይ ይበታትነው ነበር። ወጪው ከመዝገቡ ሲሸሽ በምትኩ ትርፍ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 ግን በዚህ መንገድ የተከማቸውን 385 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ በወጪነት ለመመዝገብ ተገደደ። እስከዚያ ቀን ድረስ አተረፍኩ ያለው ሁሉ በዚህ ተጠርጎ ጠፋ።

የአንድ ዕድር ገንዘብ ያዥ አዲስ አባላትን ለማሰባሰብ ያወጣውን ብር በካዝና እንዳለ ሀብት ቆጥሮ ቢያቀርብ ጠቅላላ ጉባኤው ይቀበለዋልን? በፍጹም! የአክሲዮን ገበያው ግን በደንበኞች ቁጥር ፍጥነት ተማርኮ መዝገቡን ችላ አለው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2000 አሜሪካ ኦንላይን ከታይም ዋርነር ጋር ለመዋሐድ መስማማቱን አስታወቀ። ታይም ዋርነር ፊልም፣ መጽሔትና የኬብል ቴሌቪዥን የነበረውና በገቢ እጅግ የሚበልጠው ድርጅት ነበር። ሆኖም አክሲዮኑ በመናሩ ብቻ ከአዲሱ ኩባንያ 55 በመቶው ለአሜሪካ ኦንላይን ባለአክሲዮኖች ሆነ። የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በቀድሞው የሒሳብ አያያዝ ምክንያት የ3.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ያስከፈለው በዚያው ዓመት በግንቦት፣ የውሕደቱ ስምምነት ከታወጀ ከወራት በኋላ ነበር። ኩባንያው በ2002 ብቻ 98.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ አስመዘገበ። ኮሚሽኑ በ2005 ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው ለማስታወቂያ ደንበኞቹ ራሱ ገንዘብ እየሰጠ ያንኑ ገንዘብ መልሶ እንደ ገቢ መዝግቧል አለ። ኩባንያውም ክሱን ሳያምን ወይም ሳያስተባብል 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የችግሩ ሥር ግልጽ ነው። የአክሲዮን ዋጋ የሥራ ውጤት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ግብ ሲሆን፣ ሒሳብ እውነትን ማሳያነቱን ትቶ የዋጋ መደገፊያ ምሰሶ ይሆናል። ዋጋው ሲወድቅም አስቀድመው ሸጠው የወጡት አትርፈው ይቀራሉ፤ የጡረታ ቁጠባውን በዚያው አክሲዮን ያኖረው ሠራተኛ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ጥሪታችንን በሥራ ላይ ለማዋል በር መከፈቱ መልካም ነው፤ ሆኖም በዚህ በር የምንገባው ዓይናችንን ገልጠን መሆን ይኖርበታል። ገቢው ከማን መጣ? ወጪውስ የት ተመዘገበ? በትርፍነት የተነገረው ገንዘብ በእርግጥ በእጅ ገብቷልን? ለዕድራችንና ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የምናቀርበውን ይህን ጥያቄ ለታላላቅ ኩባንያዎችም በድፍረት ማቅረብ ይገባናል። ግልጽ መልስ ለማይሰጥ ድርጅት የላባችንን ፍሬ አሳልፈን ልንሰጥ አይገባም።