የ84 ምቶች ፍርድ

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ ተመልካች የሌለው ጨዋታ መሆኑን አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ በጥቂት መረጃ ላይ ተመሥርቶ ትልቅ ፍርድ መስጠት የሚያስከትለውን ስሕተት ለማሳየት ከዚህ ጨዋታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስሕተቱን የፈጸምኩትም እኔው ራሴ ነኝ፤ ያውም ስታትስቲክስ የሚያስተምር ሰው ሆኜ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወራት በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በመከታተል ላይ ሳለሁ፣ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቼ «ፋንታሲ ቤዝቦል» በተሰኘው ጨዋታ እንድሳተፍ ጋበዙኝ። ጨዋታው ዳንኤል ኦክረንት የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወዳጆቹ ጋር ከጀመረው ሊግ የተወለደ ነው። ተሳታፊዎች በእውነተኞቹ ቡድኖች ከሚጫወቱት መካከል በተራ ወይም በጨረታ እየመረጡ የየራሳቸውን ምናባዊ ቡድን ያዋቅራሉ፤ ምርጫው ድራፍት ይባላል። የተመረጡት ሰዎች በሜዳ የሚያስመዘግቡት ቁጥር በዓመቱ መጨረሻ አሸናፊውን ይለያል። በእኛ ሊግ እያንዳንዱ ሰው በ260 ምናባዊ ዶላር 23 ተጫዋቾችን መግዛት ነበረበት።

በዚያ ጨረታ ላይ ኤረን ጀጅ የተባለ የኒው ዮርክ ያንኪስ ወጣት መቺ ስሙ ተጠራ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወር ወደ ዋናው ሊግ ባደገበት ዕለት ገና በመጀመሪያ ተራው ሆም ራን መትቶ፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ አሳርፎ ነበር። በዚያ ዘመን በጠቅላላ ግን ከ84 የመምታት ዕድሎች 15ቱን ብቻ በመጠቀም 0.179 አማካይ አስመዘገበ፤ በ42ቱ ደግሞ በሦስት ስትራይክ፣ ኳሷን ወደ ሜዳ ሳያስገባ ተሰናበተ። እኔም ቁጥሩን አየሁና «ይህ ሰው አይሆንም» ብዬ ዝም አልኩ። በ3 ዶላር የገዛው አንድ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ የፊዚክስ ተማሪ ነበር። ጀጅ በዚያው ዓመት 52 ሆም ራኖችን በመምታት የጀማሪ ተጫዋቾችን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አማካዩም 0.284 ሆነ።

ከጨረታው በፊት በብጣሽ ወረቀት ላይ ልሠራው ይገባኝ የነበረው ስሌት ይህ ነው። እውነተኛ ችሎታው 0.250 የሆነ መቺ 84 ጊዜ ቢሞክር፣ በዕድል ብቻ የሚፈጠረው መደበኛ ልይይት የ0.25 እና የ0.75 ብዜት ለ84 ተካፍሎ የሚገኘው ካሬ ሥር፣ ማለትም 0.047 ገደማ ነው። ስለዚህ 0.179 ከ0.250 የሚርቀው አንድ ተኩል መደበኛ ልይይት ብቻ ነው። ይህን ያህል መራቅ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። ሙከራው ወደ 500 ቢያድግ ልይይቱ ወደ 0.019 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ 0.179 በእርግጥ መጥፎ ዜና ይሆናል።

ለዚህ ጉዳይ እጅግ የማደንቀው ጥናት ግን ከጀጅ መወለድ በፊት የተሠራ ነው። ብራድሊ ኤፍሮንና ካርል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 የውድድር ዘመን የ18 መቺዎችን የመጀመሪያ 45 ሙከራዎች ወስደው የቀረውን ዘመን ለመተንበይ ሞከሩ። በዝርዝሩ አናት ላይ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ0.400፣ ከግርጌው ሁለተኛ ሆኖ ተርመን መንሰን በ0.178 ይገኙ ነበር። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ቁጥር የሁሉም አማካይ ወደ ሆነው ወደ 0.265 ሳቡት፤ በዚህም መሠረት የክሌሜንቴ ትንበያ 0.294፣ የመንሰን 0.247 ሆነ። በቀረው ዘመን ክሌሜንቴ 0.346፣ መንሰን 0.316 መቱ። በመጀመሪያ በመካከላቸው የነበረው የ0.222 ርቀት ወደ 0.030 ወረደ ማለት ነው። በ18ቱም ላይ ሲደመር፣ የተሳበው ትንበያ የስሕተት ካሬ ድምር ካልተሳበው ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። ክሌሜንቴ በ1960ዎቹ አራት ጊዜ የሊጉ ምርጥ አማካይ ባለቤት የነበረ ሰው ነው፤ እርሱን ወደማያውቃቸው ሰዎች አማካይ መሳብ የሚታወቀውን ታሪኩን መጣል ነው። መሳብ የነበረበት ወደ ራሱ ያለፈ ሥራ ነበር። ታዲያ ያለፈ ሥራ የሌለው ወጣትስ ወዴት ይሳባል? ጀጅ ጨርሶ ታሪክ የሌለው አልነበረም፤ በዚያው በ2016 ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በ93 ግጥሚያዎች 0.270 እና 19 ሆም ራኖች አስመዝግቦ ነበር። ያን መመልከት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላየሁትም።

የፖርቶ ሪኮው ወዳጄ ግን ሌላ ነገር አይቷል። ከ2015 ጀምሮ በዋናው ሊግ ሜዳዎች ሁሉ የተተከለው ስታትካስት የተባለ መሣሪያ ኳስ ከበትሩ ስትለይ ያላትን ፍጥነት ይለካል። ይህ መለኪያ ከአማካይ በዓይነቱ ይለያል። ዕድለኛ መቺ በደካማ ምት አማካዩን ሊያሳድግ ይችላል፤ ኳስን በሰዓት 195 ኪሎ ሜትር ለመምታት ግን ዕድል አይበቃም፣ ጉልበትና ቅልጥፍና ያስፈልጋል። ጀጅ በሰኔ 2017 ይህንኑ አደረገ። ለዚህ ዓይነቱ ችሎታ አንድ ምልከታ እንኳ ብዙ ይናገራል። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት መረጃ አለ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «መረጃው ምን ያህል ጫጫታ አለበት?» የሚለውም ነው።

ሆኖም ጉልበት ያለው ሁሉ ይገዛ ማለቴ አይደለም። እኔ በዚያ ጨረታ ጀጅን ትቼ በ14 ዶላር የገዛሁት ጆይ ጋሎን ነበር፤ በ19 ዓመቱ በታችኛው ሊግ 40 ሆም ራኖች መምታቱ አማሎኝ። ጋሎ አላሳፈረኝም፤ በ2017 41 ሆም ራኖች መታ፤ አማካዩ ግን 0.209 ሲሆን 196 ጊዜ በስትራይክ ተሰናበተ። በፋንታሲ ሕግ አማካይ ከአምስቱ የመምታት መመዘኛዎች አንዱ ስለሆነ ቡድኔን ጎተተው። የስትራይክ ብዛት ከአማካይ ይልቅ የመቺውን እውነተኛ ጠባይ ፈጥኖ ያሳያል፤ የጀጅ 42 ከ84ም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ በ2017 208 ጊዜ ተሰናብቷል። በሌላ በኩል ጋሎ በ2021 በሊጉ ከማንም በላይ 111 ጊዜ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መሄዱን የተለመደው ፋንታሲ አይቆጥርለትም። የጨዋታው ሕግ የሰውን ዋጋ ይለውጣል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች በጨረታ የባሕር ዳርቻ ይዞታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ግምቱን ያጋነነው ተጫራች መሆኑን ጽፈዋል፤ «የአሸናፊው እርግማን» ይባላል። ብዙ ወሬ የተነዛበት ወጣት መቺም እንዲሁ ነው፦ በጣም ተስፋ ያደረገው ሰው ይገዛዋል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች መክፈል የሚገባን የተሳበውን ትንበያ እንጂ የሕልማችንን ዋጋ አይደለም፤ እርሱን ማንም በ3 ዶላር ሲተወው ግን ዝም ማለት አይገባም።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ በያዝነው ሴሚስተር፣ 10 ጥያቄዎች ባሉት የመጀመሪያ ፈተና 3 ያገኘ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስም አጠገብ «ደካማ» ብዬ መጻፌን ባለፈው ሳምንት ደብተሬን ስገልጥ አየሁ። ከ84 እንኳ አልሆነም፤ ከ10 ነው። ቃሉን ሰረዝኩት። ልጁ ሁለተኛውን ፈተና ገና አልወሰደም።