«የልጅ» የምንለው መጠጥ

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ቤት ሁሉ ሽታው ይለወጣል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ጠላው ይጠነሰሳል፣ ከመስቀል በኋላ በተቆረጠው ማር ጠጅ ይጣላል። ጥር 11 ቀን ከአፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ታቦት አጅቦ የተመለሰ እንግዳ ጉሮሮው ደርቆ አይሸኝም። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ ሰርጉ ይከተላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ልጆች አሉ። ሲሯሯጡ ይውላሉ፣ ይጠማቸዋል፣ አንዱ ዘመድ ጠርቶ ከብርጭቆው ያቀምሳቸዋል። «ጠላ እኮ እህል ነው» የሚሉኝ አያቶች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ እህል ነው። ነገር ግን ሲፈላ የእህሉ ስኳር ወደ አልኮል ይለወጣል። ቅራሪም ቢሆን ከዚያው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ነው፤ ቀጠነ እንጂ አልኮሉ አልጠፋም።

ጃፓኖች በክረምትና በአዲስ ዓመት የሚጠጡት «አማዛኬ» የሚባል ከሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ አላቸው። አንዱ ዓይነት አልኮል የለውም፤ ሌላው ከሩዝ መጠጣቸው አተላ ስለሚሠራ ጥቂት አልኮል አለው። ስሙ አንድ ስለሆነ እናት ለልጇ ከመቅዳቷ በፊት የትኛው እንደሆነ ትጠይቃለች።

የእኛም ብርዝ እንዲሁ ነው። ዛሬ በንጹሕ ውሃ ከተበረዘ የልጅ መጠጥ ነው፤ ሲሰነብት ግን ይፈላል። በደባርቅና በዳባት ብርድ ይዘገያል፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ይፈጥናል። እርሾ የገባበት ቀሪቦም ባደረ ቁጥር ይከራል። ስለዚህ ለልጆች የሚሆነውን በዕለቱ አዘጋጁ፤ የተረፈውን አታሳድሩላቸው። ሱፍ፣ ተልባና የአብሽ ውሃም አሉልን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ብርዝም ሆነ ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ አመንጭቶ ጡንቻውን ያዝላል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋኝ «ጠጥቶ ተኛ» የሚለው ቃል ነበር። የልጅ ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው። አልኮል ደግሞ ጉበቱ አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግደዋል። በበዓል ግርግር ምሳውን ሳይበላ የዋለ ልጅ ከጠጣ የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ እኛ እንቅልፍ ነው ስንል እሱ ራሱን እየሳተ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ልጅ ቀስቅሱት። በደንብ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጡትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አልነቃ ካለ፣ ካላበው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ እንዲያስመልሰውም አታስገድዱት። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ እንዳይበርደው ሸፍናችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና አድርሱት።

ሌላም ነገር አለ። «ሩጥና አረቄ ገዝተህ ና» ብለን የምንልከው ልጅ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እኛ ከላክነው ግን ሻጩን ብቻ መውቀስ አንችልም።

ዘንድሮ ጠላው ሲጠመቅ ለልጆች አንድ እንስራ ለብቻው አስቀምጡ። ቀጂውም አንድ የታወቀ ትልቅ ሰው ይሁን፤ የልጆቹ መጠጥ በእሱ እጅ ብቻ ይቀዳ። ምሳቸውንም ከእንግዳው በፊት አብሏቸው።